ለእኔ ለውዝ የዕድሜ ልክ ጾም ነው

ከደባርቅ የተነሳችው መኪና ጠጠሩን ስትለቅም ቆይታ ቡይት ራስ ላይ አወረደችን። ከዚህ ወደ ሳንቃ በር ጉዞው በእግር ነው። በአንድ በኩል ገደሉ፣ በአፋፉ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች፣ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ። ጓደኞቼ ገና ከመውረዳቸው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ጀመሩ። አብረውን የሚሄዱት ስካውት ደግሞ መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አመቻቹና ከኮታቸው ኪስ ፌስታል አውጥተው ቆሎ ያድሉን ጀመር። ለእያንዳንዱ አንድ ጭብጥ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ ለውዝ አለበት?»

ፌስታሉን ከፍ አድርገው አዩት። ገብሱ ከራሳቸው ማሳ ነው፤ ሱፉንና ለውዙን ግን ከገበያ ገዝተው ጣል አድርገውበታል።

«ምነው፣ ሰዓት አልደረሰልህም?» አሉኝ። የምጾም መስሏቸው ነው።

«የእኔ ሰዓት አይደርስም ጋሼ። ለእኔ ለውዝ የዕድሜ ልክ ጾም ነው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንድ ፍሬ ብበላ ምን እንደምሆን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ከንፈሬ ያብጣል፣ ገላዬ በሽፍታ ይሞላል፣ ጉሮሮዬ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የምሰማው ከሌላ ሰው ነው። ጋሼ ዞር ብለው የመጣንበትን መንገድ ተመለከቱ።

«ታዲያ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ይኼን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እንደ እሳቸው መንገዱን እያየ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ትክክለኛው ጥያቄ ደግሞ የመንገዱ ነው።

ሠላሳ ደቂቃ

አለርጂ ማለት ሰውነት ወዳጁን ጠላት ብሎ የሚነሳበት ስህተት ነው። በሽታ ተከላካዩ ሥርዓታችን በለውዝ፣ በሰሊጥ፣ በዕንቁላል፣ በወተት ወይም በዓሣ ውስጥ ያለን ተራ ፕሮቲን እንደ ወራሪ ይቆጥርና ጦር ያዘምትበታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ነገሩ በማሳከክና በሽፍታ ያልፋል። አንዳንዱ ላይ ግን መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ይታወካል፤ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ የደም ግፊት ያሽቆለቁላል። ሐኪሞች ይኼንን አናፊላክሲስ ይሉታል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጡት ፈረንሳያውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ ናቸው፤ ሪሼ በዚሁ ሥራ በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አንድ ነው፤ አድሬናሊን። የተለጠጡትን የደም ሥሮች ይሰበስባል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል። ጭን ጡንቻ ላይ ሲወጋ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ግን በጊዜው መወጋት አለበት።

በጊዜው ማለት ስንት ነው? በብሪታንያ በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ምግብ ከተበላበት ደቂቃ አንስቶ ትንፋሽ ወይም ልብ እስከቆመበት ድረስ የነበረው ጊዜ፣ መካከለኛው ሲወሰድ 30 ደቂቃ ነው። በንብና በመሰል ነፍሳት ለተነደፉት ደግሞ 15 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ ይኼ የሞቱት ሰዎች ሰዓት ነው፤ መድኃኒቱን ቶሎ ያገኘ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል። ቢሆንም ሰዓቱን ማወቅ ደግ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከቡይት ራስ እስከ ደባርቅ በዚያ ጠጠር መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይኼ መኪናው አጠገቤ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው። ወርዶ ከሆነ መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ መንገዱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቀይ መስቀል 907 ላይ አምቡላንስ መጥራት ጥሩ ነው፤ ለመጥራት ግን ኔትወርክ መኖር አለበት፤ ገደሉ ሥር ኔትወርክ እንደ ጉም ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ሰሞኑን በክልላችን መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት መኖራቸውን ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ትራንስፖርት ወጪ ብዙ አጥንቻለሁ። የእኔ የትራንስፖርት ወጪ ግን በብር አይለካም። 60 ከ30 ይበልጣል፤ በቃ። ስለዚህ መድኃኒቱ መቀመጥ ያለበት መንገዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ኪሴ ውስጥ ነው።

«አይስማማኝም» የምትል ቃል

ሰባት ዓመት ገደማ ሆኜ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለች ለውዝ ገዛሁና ሁለት ሦስት ፍሬ ቆረጠምኩ። ፊቴ አበጠ፣ አስመለሰኝ፣ ድምፄ ጠፋ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ቡዳ በልቶት ነው» አለች፣ ሌላው «ኧረ መርዝ ነው» አለ፣ ሦስተኛው ውኃ ይፍሰስበት አለ። እናቴ የማንንም ሳትሰማ አዝላኝ ሮጠች። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር፤ የዚያን ቀን ያተረፈኝ የጤና ጣቢያው ቅርበትና የእናቴ እግር ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የነገሩ ስም «ለውዝ አይስማማውም» ሆነ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቡናም እኮ አይስማማም፤ እንቅልፍ ይከለክላል። ወተትም አይስማማም፤ ሆድ ይነፋል። «አይስማማኝም» ስትል ሰሚው የሚገምተው ጥቂት የሆድ ቁርጠት ነው። ስለዚህም «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ይልሃል፤ ይባስ ብሎ ያጎርስሃል። ጉርሻ ደግሞ የፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል። እኔም ዓመታት ሙሉ በሽሙጥ ሳቅ፣ በ«ጠግቤያለሁ»ና በ«ሐኪም ከልክሎኛል» ሳመልጥ ኖሬያለሁ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሳላመልጥ ቀረሁ። የጓደኛችን ልደት ነበር፤ ኬኩ መሐል ለውዝ ተፈጭቶ ገብቶበታል። በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዘውኝ በረሩ። ባለሙያው ሽፍታዬን አየና የአለርጂ ክኒን ሰጠኝ። ቀጥሎ ሌላ መርፌ። አድሬናሊን የመጣው ከንፈሬ ሲጠቁር ነው። ተረፍኩ፤ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ግን ትምህርቱ ለሁላችንም ይጠቅማል። ሴትሪዚንና መሰል ክኒኖች ማሳከክን ያስታግሳሉ፤ የታፈነ ጉሮሮ አይከፍቱም፣ የወረደ የደም ግፊት አያነሱም። ሃይድሮኮርቲዞንም የሚሠራው ከሰዓታት በኋላ ነው። እነዚህ ሁለተኞች ናቸው። አንደኛው አድሬናሊን ነው።

«ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለኝም አልጠፋም። የምግብ አለርጂ በሀብታም አገሮች በስፋት መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን አለርጂና የአኗኗር ለውጥ አብረው እንደሚሄዱ ለዓለም ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እኛው አገር ነው። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የታተመው ጥናት፣ የአስም ምልክት ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በርክቶ አገኘው። እኛ ደግሞ በየቀኑ ወደ ከተማ እየገባን ነው። በሽታው ፓስፖርት አይጠይቅም።

ጾም ያስተማረን

ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ ችግር የሚሆን ባህል አለን። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጾም አለ።

ሁዳዴ ላይ የትኛውም ምግብ ቤት ገብታችሁ «ይኼ ወጥ ቅቤ ነክቶታል?» በሉ። አስተናጋጁ «ትንሽ ብትቀምሱ ምን ትሆናላችሁ?» አይላችሁም። ወጥ ቤት ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። እናቶቻችን የጾምና የፍስክ ድስት ይለያሉ። ማማሰያው ተቀላቀለ ተብሎ ወጥ ሲደፋ አይቻለሁ። ሕይወታቸውን ሙሉ ስለ ንክኪ ሲጠነቀቁ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው። ውጭ አገር ምግብ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በሥልጠና የሚሰጡት ትምህርት፣ እኛ ጋ አያት ለልጅ ልጅ በምሳ ሰዓት የምታስተምረው ነው።

እኔ ይኼን የተረዳሁ ቀን አነጋገሬን ቀየርኩ። «አይስማማኝም» ማለት ተውኩና «ለእኔ ለውዝ ጾም ነው፤ የነካውም ጾም ነው፤ ከነካኝ ትንፋሼ ይቆማል» እላለሁ። ወዲያው ይገባቸዋል።

አስቸጋሪው ለውዝ የሚደበቅበት ቦታ መብዛቱ ነው። ቆሎ ውስጥ አለ። የለውዝ ሻይ አለ። ጁስ ቤት ውስጥ ያንኑ የአቮካዶ መፍጫ ለለውዝ ይጠቀሙበታል። ወፍጮ ቤት ከእናንተ በፊት የተፈጨው እህል ቅሪት ከእናንተ ዱቄት ጋር ይወጣል፤ ይኼን በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ጤፍ ያስፈጨች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ስሙም ሁለት ነው። «ለውዝ የለበትም» ያለኝ ሰው «ኦቾሎኒስ?» ስለው «እሱማ አለው» ብሎኝ ያውቃል። ሁለቱንም ስም ጥሩ። ግብጦም ከለውዝ ጋር ዘመድ ስለሆነ አንዳንድ የለውዝ አለርጂ ያለበትን ሰው ይነሳበታል፤ አረቄ ቤት በነፃ የሚቀርብ ነገር ሁሉ ነፃ አይደለም።

የሰሊጡ ታሪክ

ከሰሜን ተራሮች ወርደን ወደ ሑመራና ወደ መተማ ብንሄድ የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጣችን ለዓመታት ከቡና ተከትሎ የውጭ ምንዛሪ ሲያመጣልን ኖሯል። ለአንዳንድ ሰዎች ግን ሰሊጥ ለእኔ ለውዝ እንደሆነው ነው።

ናታሻ ኤድናን ላፐሩዝ የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2016 ከአባቷና ከጓደኛዋ ጋር ከለንደን ወደ ፈረንሳይዋ ኒስ ልትበር ስትል፣ አየር ማረፊያው ውስጥ ከታወቀ ምግብ ቤት ሳንድዊች ገዛች። ሰሊጥ እንደማትበላ ስለምታውቅ ማሸጊያውን አንብባለች፤ ስለ ሰሊጥ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሰሊጡ ዳቦው ሊጥ ውስጥ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ታመመች። አባቷ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ ወጋት። አልተረፈችም።

ወላጆቿ ሐዘናቸውን ይዘው አልተቀመጡም፤ ታገሉ። በዚያው ሱቅ ተዘጋጅቶ የሚታሸግ ምግብ የገባበትን ነገር ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጽፍ የሚያስገድደው፣ በስሟ «የናታሻ ሕግ» የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካም ሰሊጥን በማሸጊያ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው አለርጂ አምጪ ምግቦች ተርታ 9ኛ አድርጋ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግዴታ አደረገችው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ። አንደኛው፣ መርፌው የመጨረሻው አጥር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። «መርፌ አለኝና ልቅመሰው» አይባልም። ሁለተኛው፣ ሰሊጣችን ውቅያኖስ ሲሻገር ስሙ በግልጽ ይጻፍለታል። እዚህ ትሪ ላይ ሲቀርብ ግን ስሙን የሚናገርለት አብሳዩ ብቻ ነው። መጠየቅ የእኛ ሥራ፣ እውነቱን መናገር የአብሳዩ።

መድኃኒቱ ርካሽ፣ ብዕሩ ውድ

ፊልም ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ እንደ ብዕር ያለ ነገር ጭን ላይ ሲጫኑት በራሱ የሚወጋ። ታዋቂው ኢፒፔን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሥሪቱ የመነጨው ወታደሮች የነርቭ መርዝ ሲያጋጥማቸው ልብሳቸውን ሳያወልቁ ራሳቸውን እንዲወጉ ተብሎ ከተሠራ መሣሪያ ነው።

ማይላን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የኢፒፔን ባለቤት ሲሆን የሁለቱ ጥንድ ዋጋ 100 ዶላር ገደማ ነበር። በ2016 ከ600 ዶላር አለፈ። አሜሪካውያን እናቶች ጮኹ፤ የኩባንያዋ ሥራ አስኪያጅ ሄዘር ብሬሽ በዚያው ዓመት መስከረም ምክር ቤት ፊት ቀርባ ተጠየቀች።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። አንድ የአዋቂ ኢፒፔን የሚሰጠው 0.3 ሚሊግራም አድሬናሊን ነው። በየጤና ተቋሙ የሚገኘው ትንሿ የመስታወት አምፑል፣ 1 ሚሊ ሊትሯ 1 ሚሊግራም ትይዛለች። አንዷ አምፑል ውስጥ ከሦስት ብዕር በላይ መድኃኒት አለ ማለት ነው። አድሬናሊን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ካወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጀምሮ ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ዶላር የምን ዋጋ ነው? የፍጥነት። በፍርሃት ለሚንቀጠቀጥ እጅ አምፑል ሰብሮ፣ ልክ ቀድቶ፣ አየር አስወጥቶ መውጋት ቀላል አይደለም። ያልለመደ ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ልኩን ሊስትም ይችላል። ብዕሩ ይኼን ሁሉ አስቀርቶ «ጫን» ብቻ ይላችኋል።

እኔ ውጭ ያለች አክስቴ የላከችልኝ ብዕር ነበረኝ። ጊዜው አለፈበት፤ ብዙ ዓመት አይቆይም። በየዓመቱ ደግሞ ዘመድ አይለመንም። ስለዚህ ሐኪሜ ሁለተኛውን መንገድ አስተማረኝ፦ ሁለት አምፑል፣ ሁለት ሲሪንጅ ከነመርፌው፣ ልኬ በትልቁ የተጻፈበት ወረቀት፣ አንድ ጠንካራ የመነጽር ማኅደር። ልኩ በኪሎ ይሰላል፤ በአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ ቢበዛ 0.5 ሚሊግራም። ይኼን ያነበባችሁ ሁሉ ፋርማሲ ሩጡ እያልኩ አይደለም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝና ያለ ልምምድ አይሆንም። እኔ ሲሪንጁን ውኃ እየቀዳሁ ብርቱካን ላይ ስወጋ አንድ ሳምንት ቆይቻለሁ። እናቴም፣ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬም ተለማምደዋል፤ ምክንያቱም ቀኑ ሲደርስ እጄ የእኔ ላይሆን ይችላል።

ብርዱ፣ ሙቀቱ፣ ትንፋሹ

ሰሜን ተራሮች ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል።

አንዱ ብርድ ነው። በበጋው ወራት ሳንቃ በር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አድሬናሊን በክፍል ሙቀት፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ መቀዝቀዝና መጋገር ሁለቱም ይጎዱታል። ሻንጣ ውስጥ ጥላችሁት ድንኳን ውጭ እንዳታሳድሩት። ቀን በሹራብ ሥር ባለ ኪስ፣ ሌሊት ከራሳችሁ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ። ወደ መተማ የሚወርድ ደግሞ ተቃራኒውን ያስብ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ መድኃኒት የለም እንደማለት ነው። ፈሳሹ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ይወገድ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ቡይት ራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከታች የመጣ ሰው ሁሉ ያለከልካል። ታዲያ ትንፋሽ ሲያጥር አለርጂ ነው ወይስ ተራራው? ተራራው ከሆነ ቁጭ ስትሉ ይቀላል። አለርጂ ከሆነ ቁጭ ብትሉም ይብሳል፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን አይመጣም። ምግብ ከበላችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የድምፅ መሻከር፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ አብሮት ይታያል። ሽፍታ የግድ ነው ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ሳይኖርም ይችላል። አቀበት መውጣትና መጠጥም ግብረ መልሱን ሊያባብሱት ይችላሉ። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚቀመሰው ጉዞ ላይ አይደለም።

ለጓደኞቼ የማስተምራቸው

እኔ መናገር ባልችል አጠገቤ ያለ ሰው እነዚህን አምስት ነገሮች እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። እናንተም አለርጂ ያለበት ጓደኛ ካላችሁ ስክሪን ሹት አድርጓቸው።

1ኛ. መድኃኒቱ የት እንዳለ ከጉዞ በፊት ጠይቁ። «ቦርሳው ውስጥ» አይበቃም፤ የትኛው ኪስ?

2ኛ. ትንፋሽ፣ ድምፅ ወይም ራስን የመሳት ምልክት ካያችሁ አትጠብቁ፤ አድሬናሊኑ የጭን ውጫዊ መሐል ላይ፣ ጡንቻው ውስጥ ይወጋ። ክኒን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

3ኛ. አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። አቁማችሁ አታራምዱት፤ ድንገት መቆም ልብን ሊያቆም ይችላል።

4ኛ. ወዲያው መኪና ወይም አምቡላንስ ይጠራ። ካልተሻለው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ይወጋል። ሁለት የምንይዘው ለዚህ ነው።

5ኛ. ተሻለው ብላችሁ አትመለሱ። ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ጤና ተቋም ደርሶ ይታይ።

ስልካችሁም ይሠራበታል። አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ሳይከፈቱ የሚነበብ የአደጋ ጊዜ መረጃ መጻፊያ አላቸው። የእኔ ላይ «ለውዝ/ኦቾሎኒ ይገድለኛል። አድሬናሊን የደረት ኪሴ ውስጥ ነው» ይላል። በአማርኛ። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ወድቄ ቢገኝ ስልኬን የሚያነሳው ሰው የሚያነበው አማርኛ ነውና።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። «እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» ላሉኝ የመነጽር ማኅደሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። ከፍተው አዩት። የትኛው ኪስ እንደምይዘው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። የቱ ጋ እንደሚወጋ ጠየቁኝ፤ ጭኔን አሳየኋቸው። ትከሻቸው ላይ ያለውን መሣሪያ መታ አደረጉና «እኔም ይኼን ቤት ትቼ ጥበቃ አልወጣም» አሉ። ከዚያም ፌስታላቸውን ቋጥረው ኪሳቸው ጨመሩ። እጃቸውን ከኮዳቸው በወረደ ውኃ ሲታጠቡ አየሁ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ማታ ሳንቃ በር ደርሰን እሳት ዙሪያ ተቀምጠናል። አብሳዩ የሽሮውን ድስት እያማሰለ ነው። እንደ ልማዴ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ስማኝማ» አሉት፤ «ይኼ ልጅ ለውዝ ጾም ነው። ድስቱ ነክቶት እንደሆነ ሌላ ጣድ።»

አብሳዩ ድስቱን አየ፣ ማማሰያውን አየ፣ ትንሽ አሰበ። ተነስቶ ሌላ ድስት አመጣ።

ሽሮው ዘግይቶ ደረሰ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ ትዝ አይለኝም።